ሚስቴ ደግማ የበላችው የበሶ ኳስ

እዚህ ኦማን፣ ቦሻር አንድ መኪና ማቆሚያ ላይ፣ ከሁለት ልጆች ጋር ተደርድሮ ሲተፋ የሚታየው ሰውዬ እኔ ነኝ።

አዎ። እኔው!

ከሰዓት ጀምሮ በየግሩፑ የሚዞረውን ቪዲዮ ያላያችሁት ካላችሁ እግዜር ይባርካችሁ፣ አትፈልጉት። ያያችሁት ደግሞ ሳቃችሁን ጨርሱና ቁጭ በሉ፤ ሙሉ ታሪኩን ልንገራችሁ። "ይሄ አበሻ ነው እንዴ? አዋረደን!" ብለህ ኮመንት የጻፍከው ወንድሜ፣ አንተ በተለይ ቀረብ በል።

ነገሩ የጀመረው ከጉራ ነው።

የቆያችሁ ታውቃላችሁ፤ ይሄ ፔጅ ድሮ የኳስ ወሬ ነበር። ኮሮና ገብቶ ቢሮዬ "ከቤት ሥሩ" ካለን ወዲህ ግን የሼፍ ፔጅ ሆኗል። ልጆቼን ይዤ ኩሽና እገባለሁ። የሙዝ አይስክሬም! በኮከብ ቅርጽ የተቆረጠ ድንች! ዳቦ ላይ በቲማቲም የተሳለች ድመት! ፎቶ፣ ላይክ፣ "እንዲህ ነው አባት ማለት!" እኔም አምኜው ቁጭ።

እውነቱን ልናገር? ድመቷን የሠራት ልጄ ናሆም ነው። አይስክሬሙም አልረጋም ነበር፤ ሳይፈስ ተቻኩለን ያነሳነው ፎቶ ነው።

እኔ እኮ እናቴ "ወንድ ልጅ ማጀት ምን ያንጎዳጉደዋል!" እያለች በማማሰያ ስታባርረኝ ያደግሁ የጉለሌ ልጅ ነኝ። ሽንኩርት መላጥ የተማርኩት ኦማን መጥቼ፣ አርባን ልደፍን ስል ነው።

ታዲያ ምን አገባህ ኩሽና ትሉኝ ይሆናል።

ሂሩት የለችማ!

ሂሩት ባለቤቴ ናት፤ ነርስ ናት። የኮሮና ዋርድ ከገባች ወዲህ እቤት አትመጣም። በሽታውን ይዛብን እንዳትመጣ ፈርታ፣ ሆስፒታሉ ለሠራተኞቹ ቦሻር በተከራየው ሕንጻ ውስጥ ነው የምታድረው። እኛ አል ሀይል፣ እሷ ቦሻር። በመኪና ምንም አይደለም፤ ሙዚቃ ከፍቶ ሳያልቅ ይደረሳል። ግን ደርሰህስ? እሷ ከወዲያ፣ አንተ ከወዲህ፣ በስልክ እያወራህ እጅህን ታወዛውዛለህ። የገዛ ሚስትህን!

"ለሆሳዕና ቤት እገባለሁ" ብላን ነበር። ልጆቹ ደስ ብሏቸው ነበር። ከዚያ ባለፈው ሳምንት ደወለችና "ዲዩቲው ተራዘመ" አለች።

ናሆም አኮረፈ። ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ኩርፊያውን አውቀዋለሁ፣ ሲርበው ይለቀዋል። ያስፈራችኝ ታናሿ ሚጡ ናት። ሚጡ አምስት ዓመቷ ነው፤ በፊት ጠዋት አይኗን ስትገልጥ የመጀመሪያ ቃሏ "እማዬ ዛሬ ትመጣለች?" ነበር። አሁን መጠየቅ ትታለች።

ስልክ ስንደውልም "ሃይ" ትላትና ወደ ካርቱኗ ትሄዳለች። ልክ አንድ ሩቅ ዘመድ እንደደወለ። ሂሩት ያን ጊዜ ስክሪኑ ላይ የምታሳየውን ፊት ባታዩት ይሻላል። "ተዋት፣ ልጅ ናት" ትለኛለች፣ ከዚያ ኔትወርክ ተቋረጠ ብላ ትዘጋዋለች። ኔትወርኩ ምንም አይሆንም።

ልጅቷ እናቷን እየረሳች ነው። በቃ፣ ጉዳዩ ይሄ ነው።

እናም ዛሬ ጠዋት አንድ ሐሳብ መጣልኝ። አብረው መሥራት ካልቻሉ፣ ቢያንስ አብረው ይብሉ! እኛ እቤት ጣፋጭ እንሠራለን፣ ይዘንላት እንሄዳለን፣ እሷ ከወዲያ፣ እኛ ከወዲህ፣ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!" ብለን እኩል እንጎርሳለን። ሰርፕራይዝ!

ሐሳቡ አሁንም ጥሩ ነው። ሐሳቡን አትንኩብኝ።

ሁዳዴ ነው፤ ቅቤ የለም፣ ወተት የለም። ስለዚህ የበሶ ኳስ አልኩ። ተምሩን ጎረቤታችን፣ ደጉ ኦማናዊ፣ በር ላይ አንጠልጥሎልን ሄዷል። በሶውን አማቴ ከአዲስ አበባ ልካዋለች። የተምሩን ፍሬ ታወጣለህ፣ ትጨፈልቀዋለህ፣ በሶ ትነሰንስበታለህ፣ ታሻለህ፣ ታድቦለቡላለህ፣ ኮኮናት ላይ ታንከባልላለህ። ኻላስ፣ በቃ! እሳት የለ፣ ቢላ የለ። ልጅ የሚሠራው ምግብ ማለት ይሄ ነው።

እዚህ ጋ ቆም በሉልኝ።

ከአገር ቤት የሚመጣ ዱቄት ታውቁት የለ? ስም የለውም! ሁሉም በፌስታል ነው፤ ፌስታሉ ደግሞ በሌላ ፌስታል፤ አፉ በክር ታንቆ። ሽሮው፣ በሶው፣ አጃው፣ ምኑ ምናምኑ አንድ ሻንጣ ውስጥ ተቃቅፎ ስለሚመጣ ለእኔ አንድ ዓይነት ነው የሚሸተኝ። አማቴን አማቴን ይላል። ሂሩት ግን ክሩን እንኳ ሳትፈታ በአፍንጫዋ ብቻ ትለያቸዋለች። "ይሄ ሽሮ ነው፣ ይሄ አጃ ነው" እያለች። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ሌብል የሌለው ነገር አላውቅም።

የመጀመሪያው ፌስታል በሶ ነበር። ለዚህ እምላለሁ። ሂሩት ጠዋት ጠዋት በጥብጣ ስትጠጣው አይቻለሁ።

ግን አለቀ! ሊጡ ገና እጃችን ላይ እንደ ማስቲካ ይጣበቃል፤ በሶው ግን የለም። ጓዳ ገባሁ፣ ቀሪውን ሻንጣ ፈተሽኩ፣ ሌላ ፌስታል። ቀለሙ ያው። ልስላሴው ያው። ክሩ እንኳ ያው!

"ለእማዬ ፎቶ ልላክላትና ልጠይቃት?" አልኩ።

"አባዬ፣ ሰርፕራይዝ ነው አላልክም?" አለኝ ናሆም።

እውነቱን ነው። ገለበጥኩት።

ልጆቹ እስከ ክርናቸው ገቡበት። እና ሚጡ ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። "ይሄ የእማዬ፤ ይሄ ትልቁም የእማዬ" እያለች ያድቦለበለችው ሁሉ የእማዬ ሆነ። ናሆም "ለእኛስ?" ሲላት ትንንሾቹን እየመረጠች ወረወረችለት። እኔ ስልኬን ይዤ ቪዲዮ እቀርጻለሁ። ማን እንደኔ!

አልቀመሳችሁም ወይ? አልቀመስንም። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። ናሆም ዘንድሮ "እኔም እስከ ዘጠኝ" ብሎ ከአባቱ ጋር ፉክክር ገብቷል፤ እየተቁለጨለጨ ሰዓት ያያል እንጂ አይነካም። ሚጡ አትጾምም፤ ግን "እማዬ ሳትቀምስ ማንም አይቀምስም" ብለን ሦስታችንም ቃል ተገባብተናል።

ሚጡ ቃሏን አፈረሰች። ጣቷን ላስ አደረገች።

"አባዬ፣ ይመራል።"

ምን አልኳት መሰላችሁ? "አንቺን ደግሞ የማይመርሽ ምን አለ? ካሮት ይመርሻል፣ የጥርስ ሳሙና ይመርሻል! ያላ፣ ሥራሽን ሥሪ!"

ከቤቱ ሰው ሁሉ እውነት የተናገረችው እሷ ብቻ ነበረች። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ሲባል ሰምቻለሁ። አባት ያቦካው ምን እንደሚሆን ግን የነገረኝ የለም።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ቦሻር ደረስን። ሙቀቱ ለጉድ ነው፤ ከማስካችን ስር ላብ ይንቆረቆራል። ሌላ ጊዜ ሂሩት ራሷ እስከ በሩ ትወርዳለች። ዕቃውን በሩ ጋ ያለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን እንርቃለን፣ እሷ መጥታ ታነሳዋለች፣ ከሩቅ እንሳሳማለን።

ዛሬ አልወረደችም። "ትንሽ ደክሞኛል፣ በረንዳ ላይ ልውጣላችሁ" አለችኝ በስልክ። ሳህኑን የወሰደችው አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ልጅ ናት፤ ከራስ ፀጉሯ እስከ ጫማዋ ተሸፍናለች፣ ጓንት በጓንት ላይ ደርባለች።

እኔ ምን መሰለኝ? ለምግቤ የተደረገ ክብር! "አየህ፣ የእኛ ምግብ በቪአይፒ ነው የሚገባው" አልኩት ለናሆም።

ይሄን ቃሌን ያዙልኝ።

ሂሩት በረንዳው ላይ ብቅ አለች። ነጠላዋን እስከ አገጯ ተከናንባለች። በዚያ ሙቀት! ሳህኑን ይዛለች። እኔም ስልኩን ስፒከር ላይ አደረግሁት።

"ምንድን ነው ይሄ ደግሞ፣ የኔ ባለሙያዎች?"

"ሰርፕራይዝ ነው! እኛ ሳንቆጥር እንዳትበዪ!"

ይሄን ያለችው ሚጡ ናት! "ሃይ" ብላ ወደ ካርቱኗ የምትሄደው ሚጡ! ሂሩት ከላይ ሆና ነጠላዋን ወደ አይኗ ስትወስድ አየኋት። በልቤ "ተሳካልህ" አልኩ።

"አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!"

አራታችንም እኩል ጎረስን።

ወገኖቼ።

አብሽ ነው!

ሁለተኛው ፌስታል አብሽ ነበር። አማቴ "ልጄ ከስታለች፣ ጉልበት ይሆናታል" ብላ አመስ አድርጋ፣ አስፈጭታ የላከችው አብሽ። አብሽን የሚያውቅ ሰው ዘፍዝፎ አሳድሮ፣ ውሃውን ደፍቶ፣ ደግሞ ዘፍዝፎ፣ ለፍቶ ነው ምሬቱን የሚያስለቅቀው። እኔ ሆዬ ከነሙሉ ምሬቱ፣ ከነክብሩ፣ በተምር አሽቼ ልጆቼን አጎረስኳቸው!

ጥርሴ ሳይቀር መረረው።

ናሆም ተፋ። ሚጡ ተፋች። እኔ አባት ነኝ ብዬ ልውጠው ታገልኩ፣ ታገልኩ፣ እኔም ተፋሁ።

አሁን ቦታውን አስቡት። ዘመኑ የኮሮና። ቦታው የኮሮና ሠራተኞች ማደሪያ በር። አንድ ጎልማሳ ከነልጆቹ ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ፣ አስፋልቱ ላይ ቱፍ! ቱፍ! ቱፍ!

ጥበቃው በሩጫ መጡ። ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ እንደዚያ ይሮጣሉ ብዬ በሕልሜም አላስብም። "ማስክ! ማስክ! ላ! ላ!" ይላሉ፤ እጃቸው ላይ የሚረጭ ጠርሙስ አለ። አስፋልቱን ረጩ። ጫማችንን ረጩ። እኛ ጋ የቀሩትን ኳሶች ረጩ! እኔ ማስኬን ወደ ላይ እየሳብኩ "ኮሮና ማፊ! ኮሮና የለም! ተምር ነው!" እላለሁ። ተምር የሚተፋ ሰው በኦማን ምድር ታይቶ ስለማይታወቅ አላመኑኝም። ናሆም በእንግሊዝኛ ሊያስታርቀን ይሞክራል፣ መሃል ላይ ያቅለሸልሸዋል፣ ደግሞ ይተፋል። ሰው ከየበረንዳው ወጣ። ስልክ ወጣ።

ቪዲዮው ይሄው ነው። እስከዚህ ድረስ ታውቁታላችሁ፤ እኔም እንደሚያስቅ አልክድም።

ግን የማያሳየው ነገር አለ። ያነሳው ሰው ካሜራውን አንዴም ወደ ላይ ቀና አላደረገውም።

ላይ ሂሩት እያኘከች ነበር።

አልተፋችም። ፊቷ እንኳ አልተኮማተረም። "ምነው? ምን ሆናችሁ? ፍሬ ገባባችሁ እንዴ?" ትላለች በስልኩ። "እኔስ ፍሬ አላገኘሁበትም። ማር ነው እኮ!" ብላ ሁለተኛውን አነሳች። ትልቁን፣ ሚጡ ለእሷ ብላ የሠራችውን። እሱንም በላችው።

መጀመሪያ የተሰማኝን ልንገራችሁ፤ ኮራሁባት። እናት እንዲህ ናት አልኩ፤ ልጇ የሠራው ጭቃም ቢሆን ማር ነው ብላ ትውጣለች። ጥበቃው ጫማዬን እየረጩ፣ እኔ ቀና ብዬ በሚስቴ እኮራለሁ።

ሚጡ ግን አልተሸወደችም። ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ።

"እማዬ ውሸታም! ይመራል!"

"አይመርም፣ ሚጡዬ። ይጣፍጣል።"

"ይመራል! አባዬም ተፍቷል!"

ሂሩት አንዱን ኳስ አንስታ ወደ አፍንጫዋ ስታስጠጋው አየሁ። አሸተተች። ወደ ሌላኛው የአፍንጫዋ ቀዳዳ አዛውራ ደግማ አሸተተች። ከዚያ ቀስ ብላ ሳህኑ ላይ መለሰችው።

ፌስታል ሳትፈታ በአፍንጫዋ የምትለየዋ ሂሩት!

ስልኩን ከሚጡ ወሰድኩና ስፒከሩን አጠፋሁት። "ሂሩቴ፣ ምን ይሸትሻል?" አልኳት።

ፊቷን ከእኛ አዞረች።

"ሂሩት?"

"ልጆቹን ወደ ቤት ውሰዳቸው" አለችኝ። "ስትገባ ደውልልኝ።"

ያኔ ሁሉም ነገር ተገጣጠመልኝ። ነጠላው። "ደክሞኛል" ያለችው። ጓንት የደረበችው ልጅ። ለምግቤ ክብር መሰለኝ ያልኳችሁ! ቃሌን ያዙልኝ ብያችሁ የለ? አሁን ልቀቁት፣ አፈርኩበት።

ዲዩቲው አልተራዘመም። ጭራሽ ዲዩቲ የለም። ተይዛለች፤ ከደወለችልን ቀን ጀምሮ ክፍሏ ውስጥ ተለይታ ተቀምጣለች። "ተሽሎኝ ልነግርህ ነበር፤ ሳትደነግጡ" አለችኝ እቤት ገብቼ ስደውልላት። አፏ ጣዕም አያውቅም፣ አፍንጫዋ ሽታ አያውቅም። እህል ሁሉ ጨርቅ ጨርቅ ነው የሚላት። "ታዲያ ለምን ማር ነው አልሽ?" ብላት "ልጆቼ የሠሩት ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?" አለችኝ።

ጮህኩባት። የታመመች ሴት ላይ ጮህኩ! "እኔ ላንቺ ማነኝ? የጎረቤት ሰው ነኝ?" አልኩ።

"ብነግርህ ምን ታደርግልኝ ነበር? ኳስ ታድቦለብልልኝ?"

ሁለታችንም ትንሽ ሳቅን፤ ከዚያ ሳል ያዛት፤ እኔም ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ሳሉ እስኪያልፍ ጠበቅሁ።

ፈርቻለሁ። አሁን ይሄን ስጽፍም ፈርቻለሁ፤ ሳቅ ሳቅ ያልኩት ለዚህ ነው። ትንፋሼ ደህና ነው ትላለች። ትኩሳቱ መጣ ሄድ ይላል ትላለች። ትላለች! አብሽ በልታ ማር ነው ያለችም እሷው ናት፤ እንዴት አድርጌ ልመናት?

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ስንመለስ፣ መኪና ውስጥ፣ ናሆም ከጎኔ ውሃ ይጠጣል። ሚጡ ከኋላ ወንበር ጠራችኝ።

"አባዬ።"

"ወይ።"

"እማዬ ነገ ትመጣለች?"

ይሄን ጥያቄ ስንት ቀን ሙሉ ስጠብቀው ነበር! እንድትጠይቀኝ ብዬ አይደል ይሄን ሁሉ ጉድ ያፈላሁት? ጠየቀችኝ። እኔ ግን ሬዲዮኑን ከፈትኩት።

አሁን ናሆም ማርከሩን አምጥቶ ፌስታሎቹ ላይ ስም እየጻፈ ነው። አብሹ ላይ የራስ ቅል ስሎበታል። በመሃል አማቴ ደወለች፤ ምንም አልነገርናትም፤ ሂሩት አትንገር ብላኛለች። "ያን አብሽ ትጠጣዋለች ወይ?" አለችኝ።

"በልታዋለች" አልኳት። "ደግማ ነው የበላችው።"

"እሰይ!" አለች፤ ምርቃቱን አወረደችው። እኔም አሜን አልኩበት፤ ያስፈልገናል።

እና ይሄን ጽፌ ፖስት ላደርግ ስል፣ አሁን፣ ከሂሩት ሜሴጅ ገባ። እንዲህ ይላል፦

"ነገም ያንኑ ሠርታችሁ ላኩልኝ፣ ምንም እንዳትቀይሩ። ለሚጡ ንገራት፤ የመረረኝ ቀን መጀመሪያ የምደውለው ለእሷ ነው።"

ለሚጡ አነበብኩላት። ሮጣ ሄዳ የራስ ቅል ያለበትን ፌስታል አቅፋ መጣች።

አያችሁ ወገኖቼ፣ ሰው ሁሉ ሚስቱ ምግቡን ብታደንቅለት ይመኛል። እኔ ግን ሚስቴ የሠራሁትን ቀምሳ፣ ምሬቱ ተሰምቷት፣ ፊቷን አኮማትራ፣ ከበረንዳ ላይ "ቱፍ!" ብትልብኝ ለማርያም ስለት ተስያለሁ። ጥበቃውም ይርጩኝ፣ ቪዲዮውም ይዙር፣ አንተም ወንድሜ "አዋረደን" ብለህ ጻፍ፣ እኔው ላይክ አደርግልሃለሁ።

እስቲ እናንተ ባለሙያዎች፣ ሳቃችሁን ከጨረሳችሁ አንድ ነገር ንገሩኝ፦ ከአብሽ የባሰ የሚመር፣ ሰው የማይጎዳ፣ የአምስት ዓመት ልጅ የምታድቦለብለው ምን ታውቃላችሁ?